የአስቴር የይለፍ ቃል

ባለፈው ሳምንት የሴቶች የጸሎት ፕሮግራም ላስባዛ መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። ልጅቷ የማሽኑን ክዳን ገልጣ ስትዘጋው የሞቀ ወረቀትና የቀለም ሽታ ፊቴን መታኝ። “እማማ፣ ስንት ኮፒ?” አለችኝ። ሳልመልስላት ቆምኩ። “እማማ፣ አመመዎት እንዴ?” አለች። “አላመመኝም፣ ልጄ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ” አልኳት። ሳቀች። ወረቀቶቹን ሞቅ እንዳሉ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ወጣሁና በእግሬ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቴ መንገድ አቀናሁ። ጌታ ጉልበቴን እስካሁን አልነሳኝም። ቀስ ብዬም ቢሆን እደርሳለሁ።

ቢሮአችን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ፣ ከአራዳ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ ሲወጣ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነበር። በእንጨት ደረጃ ይወጣል፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው ከጫማችን ተራግፎ የመጀመሪያዋን እርከን አፈር ያስመስላታል። ዛሬ በቦታው ሞባይል የሚሸጥበት ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ያን ጊዜ ሆሳዕና እንዲህ ያለ ፎቅ አልነበራትም። ባጃጅ ገና መግባቷ ነበር፤ ልጆች ከኋላዋ ይሮጡ ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ፓስቲ በሃምሳ ሳንቲም፤ በአንድ ብር ሰው ቁርሱን በልቶ ይውላል። ልብሳችን ሳልባጅ ነበር፤ የገበያ ቀን ቦንዳው ሲፈታ ቀድሞ የደረሰ ደህና ካፖርት ያገኛል። ለብርዳችን ካፖርቱ ያስፈልገን ነበር። ካሴት ቤቶቹ በር ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አውጥተው መዝሙር ይከፍታሉ፤ አንዱ በሀዲይኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ጎን ለጎን። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁለቱንም እያንጎራጎረ ቤቱ ይገባል።

ኮምፒውተር ያየነው በኢንተርኔት ቤት ነው። ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ የገቡላቸው እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፤ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ድምፁ ሩቅ ስለሚመስላቸው ይጮኻሉ። ልጁ ማግባቱን፣ መታመሙን፣ ሱቁ መዘረፉን ሰፈሩ ሁሉ በዚያው ሰዓት ይሰማል። ማንም አያፍርም። በእኛ አገር የአንድ ቤት ደስታና ሐዘን የሁሉ ነው፤ አብሮ ለመጸለይ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን የምተርከው ነገር የደረሰብን ከዚሁ ጠባያችን ነው።

አለቃዬ አቶ ማቴዎስ የአንጋጫ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምረው፣ እዚያው ሠርተው፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁሉም ሰው ሆቴል ወይም ወፍጮ ይከፍታሉ ብሎ ጠበቀ። እርሳቸው የኮምፒውተር ጥበቃ ከፈቱ። መሥሪያ ቤቶች ማሽን መግዛት ጀምረው ነበር፤ አቶ ማቴዎስ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠውን ነገር ከሌባ፣ ከብልሽትና ከማይታይ ተባይ እንጠብቃለን አሉ። ሁለት ቴክኒሻኖች ቀጠሩ። ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ፤ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ።

ከዚያ በፊት አማርኛ አስተምር ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ አነባለሁ፤ በአማርኛም በሀዲይኛም። አቶ ማቴዎስ የሰሙኝ እዚያ ነው።

“ሰው ያምንሻል” አሉኝ ቢሮ ጠርተው።

“ውሸት ስለማልነግራቸው ነው” አልኩ።

“እኔም ውሸት አልፈልግም። ማስታወቂያ ነው የምፈልገው።”

ባለቤቴ ቦኖሻ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር፤ ቅዳሜ እየመጣ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። የሥራዬን ስም ስነግረው ሳቀብኝ። “ሕዝብ ግንኙነት? ሕዝቡ መች ተለያየና ነው አንቺ የምታገናኚው?” አለ። ልጆቹም አብረውት ሳቁ። ግን ለሥራዬ ብሎ ሰማያዊ ኮትና ጉርድ ያሰፋልኝ እርሱ ነው። ኮቱን ለብሼ፣ ነጠላዬን ከላይ ጣል አድርጌ፣ የተባዙ ወረቀቶች በክንዴ ይዤ ስወጣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ አይ ነበር።

ከተማው ማስታወቂያ የሚያወጣበት ጋዜጣ አልነበረውም። ሥራዬ በእግር ነበር። እድር ላይ እናገራለሁ፤ የአስተማሪዎች ስብሰባ ላይ እናገራለሁ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ የእኛም ይሁን የካቶሊኮቹ፣ ፈቃድ ጠይቄ ከስብከት በኋላ እናገራለሁ። የገበያ ቀን ደግሞ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ኋላው ክፍት በሆነ መኪና ፎንቆ ወይም ሀደሮ ገበያ እንወርድና በድምፅ ማጉያ እናስተዋውቃለን። በገበያው ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው የለም። አቶ ማቴዎስ ግን “ገበሬው ባይኖረው ልጁ ጸሐፊ ናት፤ ይነግራታል” ይላሉ። እውነታቸውን ነበር።

አንድ ቀን ፎንቆ ላይ ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ስናገር አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ቫይረስ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንዱን፣ ስንቱን ወጣት የቀበርንበትን ነው።

“ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ተመርምሮ ነው የታወቀው?”

“አዎ አባባ፣ ይመረመራል።”

“ከሰው ነው የያዘው?”

“አይ፣ ከሌላ ኮምፒውተር ነው።”

“እንግዲህ እነርሱም አልታቀቡም በይኛ!”

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ ማለት ትቼ ተባይ እላለሁ። አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ሳቅ ደስ ይለኛል። ከሳቁት ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ማሽኖቹ በየቢሮው ሲበዙ አቶ ማቴዎስ ለጸሐፊዎችና ለመዝገብ ሠራተኞች ሥልጠና አዘጋጁ። ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ተውሰን አዳራሽ ሞላን። ያስተማሩት ስለ ይለፍ ቃል ነበር፤ ሰዉ ፓስዎርድ ስለሚለው። “ይህ ቃል የቤታችሁ ቁልፍ ነው” አሉ። “የልደት ቀናችሁን አታድርጉ፤ የልጃችሁንም ስም አታድርጉ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ይሁን። በየዓመቱ ቀይሩት። ወረቀት ላይ አትጻፉት፤ እንዳይጠፋችሁ ከልባችሁ የማይወጣ ነገር ይሁን።” ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከፊት ተቀምጣ በጥሞና ከሚሰሙት አንዷ አስቴር ነበረች።

አስቴር በከተማችን ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ የተማሪዎችን ውጤት ኮምፒውተር ላይ የምትመዘግብ ሠራተኛ ነበረች። አባትና እናቷ አርፈዋል፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን እርሷ ታሳድጋለች። ከእኛው ጉባኤ ናት፤ መዘምራን ውስጥ ከኋላ ረድፍ ትቆማለች። አረንጓዴ ሹራብ ነበራት፤ ክርኗ ላይ በሌላ አረንጓዴ የተጠገነ። ዓይን አፋር ናት። ሰው ሲያነጋግራት ፈገግ ትልና መሬት ታያለች። ስለ እርሷ ክፉ የተናገረ ሰው እስከዚያ ዓመት ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዳችን መናገር አለብኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ዘመን ሲለወጥ ቅርጫት ይዞራል። በቅርጫቱ ውስጥ የተጠቀለሉ ትናንሽ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥቅስ ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ተጽፏል። ሁሉም ጸልዮ አንድ ያወጣል። የወጣለት የዓመቱ ቃሉ ነው። ሙሉ ዓመት ይጸልይበታል፤ ሲከፋው ይደገፍበታል። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ “ምን ወጣልሽ?” ነው የምንባባለው። መስቀል ሲደርስ፣ በቅቤ የራሰው የእንሰት ምግባችን፣ አታካና፣ ቀርቦ እንኳ፣ ጨዋታው እርሱ ነው። “የእኔ እንዲህ ይላል”፣ “የባለቤቴ እንዲህ ይላል።” ልቡ የተነካ ደግሞ በጉባኤ ተነሥቶ ይመሰክራል። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ይለጥፉታል። ያን ጊዜ ግን በቃል ነበር የሚዞረው፤ እንደዚያም ሆኖ ከዛሬው ይልቅ ፈጥኖ ይዳረስ ነበር።

በዚያ ዓመት አስቴር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥታ መሰከረች። የወጣላት ቃል ወላጅ ለሌላቸው የተሰጠ ተስፋ ነበር። ምዕራፉንና ቁጥሩን ጠርታ፣ ቃሉን በቃሏ ብላ ጨረሰችና ማልቀስ ጀመረች። ሁላችንም አለቀስን። ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንዲት የኮሌጁ መምህር የሰጠችው ውጤትና ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ውጤት እንደማይገናኝ አየች። የወደቁ ተማሪዎች አልፈው ተገኙ። የኮሌጁ ዲን አቶ ማቴዎስን ጠሩ፤ ቴክኒሻኖቻችን ማሽኑን መረመሩ። ማሽኑ የያዘው ግልጽ ነበር፤ ውጤቱ የተለወጠው በምሳ ሰዓት፣ በአስቴር ስምና በአስቴር የይለፍ ቃል ነው። ያ ክፍል በምሳ ሰዓት አይቆለፍም፤ መምህራንም ተማሪዎችም ያልፉበታል። አስቴር በዚያ ሰዓት ቤቷ ሄጄ ነበር አለች፤ ብቻዋን ስለበላች ምስክር አልነበራትም። ዲኑ “ሰው ይዋሻል፣ ማሽን አይዋሽም” አሏትና ከሥራ አገዷት። ጉዳዩ ለፖሊስ ሊተላለፍ ነው ተባለ።

ወሬው በአንድ ቀን አራዳ ደረሰ። ጉቦ በልታለች ተባለ። ወንድሞቿን በምን ታስተምራለች መሰላችሁ ተባለ። መዘምራኑ “ጉዳይሽ እስኪጣራ ትንሽ ዕረፊ” ብለው የመዘምራን ልብሷን ተቀበሏት። እሑድ ዕለት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አየኋት፤ ከአጠገቧ የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ዳር ጠጋ ብለው ነበር። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ፈርተው ነው።

ወሬው እኛንም አልተወንም። ማሽን ያስጠበቁ መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ “ቁልፋችሁ ተሰበረ እንዴ?” ይላሉ። አቶ ማቴዎስ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የተጻፈ ወረቀት ነበር።

“ይህን አባዥና በየቤተ ክርስቲያኑ እሑድ ይነበብ። የእኛን አንቺ ታነቢያለሽ።”

አነበብኩት። የኮሌጁ ኮምፒውተር አልተሰበረም ይላል። ጥበቃው እንደታሰበው ሠርቷል፤ ማሽኑ የተከፈተው በሠራተኛዋ በራሷ የይለፍ ቃል ነው፤ ደንበኞቻችን አትስጉ ይላል።

“ውሸት አለበት?” አሉኝ።

“የለበትም” አልኩ።

“እንግዲያው ምን ያስተክዝሻል?”

“አስቴርን ሳላያት አላነበውም። ስለ እርሷ ነው የማነበው።”

“ስሟ እኮ አልተጻፈም።”

“አቶ ማቴዎስ፣ በዚህ ከተማ ስም መጻፍ ያስፈልጋል?”

“ሂጂ እሺ፤ ቶሎ ተመለሺ” አሉኝ።

አስቴር የምትኖረው ሴች ዱና ሰፈር በኩል፣ ከአንድ የጭቃ ቤት በተከፈለች ክፍል ነበር። ጎመን እየቀነጠሰች አገኘኋት። ወንድሞቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ተነሥታ ሳመችኝና በርጩማውን በእጇ ጠርጋ ሰጠችኝ።

“ማንም አልመጣም ነበር፣ እትዬ ታደለች” አለች።

ነገር ማዞር አልወድም። “አስቴር፣ አንቺ ነሽ?”

“አይደለሁም።”

“ፓስዎርድሽን ለሰው ነግረሻል?”

“ለማንም። ለወንድሞቼም አልነገርኩም።”

“ወረቀት ላይ ጽፈሽ አስቀምጠሻል?”

“ኧረ በጌታ! አቶ ማቴዎስ እንዳሉን ነው ያደረግሁት። ፊደልና ቁጥር አለበት። ከልቤም አይወጣም። በዓመቱም ቀየርኩት።”

ይህን ስትል ዓይኔ ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። በነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ የዓመቱ ቃሏ ተሰቅሏል። ከታች ምዕራፉና ቁጥሩ አለ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ እኔም ቤት አለ። ፊደልና ቁጥር። በየዓመቱ የሚለወጥ። ከልብ የማይወጣ። አስቴር ዓይኔን ተከትላ ዞረች። የያዘችው የጎመን ቅጠል ከእጇ ወደቀ።

“እርሱ ነው?” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። “የመጽሐፉን ስም ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ነው በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፍኩት... እትዬ፣ ለማንም አልነገርኩም እኮ አልኩዎት።” በእጇ ወደ ጨርቁ አመለከተች። “ለጉባኤው ሁሉ ነግሬያለሁ!”

አቀፍኳት። እንባዋን ጠርጌ “ጎመንሽን ጨርሺ፤ ልጆቹ ርቧቸው ይመጣሉ” አልኳትና ወጣሁ።

ቢሮ ስደርስ አቶ ማቴዎስ ቆመው ነበር። ያየሁትን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና የራሳቸውን ማሽን ተመለከቱ።

“የእኔም እርሱ ነው” አሉ።

ወንበር ስቤ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ያስተማርኩት እኔ፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ” አሉ። “ያሠለጠንናቸው ሁሉ እኮ አማኞች ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ክሊኒኮቹ፣ የቁጠባ ማኅበሮቹ... ከተማው በሙሉ በሩን ከፍቶ ነው የተኛው።” መሳቅ ጀምረው ተዉት። “ሰኞ በጸጥታ እየዞርን እናስቀይራቸዋለን። ማንም ማወቅ የለበትም።”

“አስቴርስ?”

“እንጸልይላታለን።”

“እኔም እጸልይላታለሁ። ይህን ወረቀት ግን አላነብም።”

“ሥራሽ እኮ ነው፣ ታደለች።”

“ሥራዬ ነው። ሰው ያምንሻል ብለው ነው የቀጠሩኝ። ይህን ካነበብኩ ሰው ያምነኛል፤ እርሷ ትታሰራለች።”

እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። “እኛ ነን ያሳሳትናችሁ ብዬ ባወጣው ከነገ ወዲያ ማን ያሠራኛል? ቤቴን አስይዤ ነው ይህን የከፈትኩት። ልጆች አሉኝ።”

“እርሷም ወንድሞች አሏት” አልኩ። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ባለቤቴ ከቦኖሻ ሲመጣ ምናልባት ሥራዬን እንደማጣ ነገርኩት። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከእኔ ደመወዝ ነበር። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ። “የቦኖሻ አስተማሪ ሚስት ቆጮ አታጣም” አለ። “ብታጪም ጎረቤት አለን።” ከዚያ ቀና ብሎ “እንዳታነቢው” አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ ጌታን ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ካረፈ ዓመታት አልፈዋል።

እሑድ ጠዋት አቶ ማቴዎስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ባለቤታቸው ከጎናቸው ናት። በእጃቸው ሌላ ወረቀት ይዘዋል፤ በእጅ የተጻፈ፣ ብዙ ቦታ የተሰረዘ።

“እህት ታደለች” አሉኝ፤ በቤተ ክርስቲያን ሲሆን እህት ይሉኛል። “ይህንን አንብቢልኝ። እኔ ብጀምረው አልጨርሰውም።”

“ከጎኔ ይቆማሉ?”

“እቆማለሁ።”

ከስብከቱ በኋላ ወጣን። በአማርኛ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ ድርጅታችን የይለፍ ቃላችሁ ከልባችሁ የማይወጣ ይሁን ብሎ አስተምሯችኋል። እኛ ራሳችንን ጨምሮ ብዙዎቻችን የዓመቱን ቃላችንን አድርገናል። የዓመቱን ቃል ደግሞ እርስ በርሳችን እናውቀዋለን። ስለዚህ በማንኛችንም ስም፣ ማንኛችንም ልንገባ እንችላለን። ስሕተቱ የአስተማሪው ነው። ነገ ጠዋት ቢሮ እንደገባችሁ ቀይሩ። እስከዚያም ማሽን ስም ጠራ ተብሎ በማንም ላይ አይፈረድ።

መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ። የማዘጋጃ ቤቱ ሒሳብ ሹም ፊታቸውን በመዝሙር መጽሐፋቸው ሸፈኑ፤ ጎረቤታቸው በክርኑ ነካቸው። ከክሊኒኩ ጸሐፊዎች አንዷ “ወይ ጉዴ!” ስትል እስከ መድረኩ ተሰማ። ቀጥዬ በሀዲይኛ ሳነብ ግን የሚስቅ አልነበረም። ሰው አንገቱን እየመለሰ ወደ ኋላ አግዳሚ ያይ ጀመር። አስቴር መሬት እያየች ነበር። ከዳር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ልጇን አንሥታ ጠጋ አለች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። በመጨረሻ በአግዳሚው ላይ ቦታ አልነበረም።

ዲኑ ግን ወዲያው አልተቀበሉም። “ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት እርሷ አይደለችም ማለት አይደለም” አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኛም ከዚህ ያለፈ ማስረጃ አልነበረንም። ጸለይን። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ አነጋገረ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ አድገው እዚሁ ከተማ አሉ። በኮሌጁ የሚማር የእህት ልጅ ነበረው፤ ልጁ ወድቆ ነበር። የአስቴርን ምስክርነት በዚያ ዘመን መለወጫ ሰምቷል። አንድ ምሳ ሰዓት የእህቱን ልጅ ፍለጋ ሄዶ ክፍሉን ባዶ ሲያገኘው፣ የራሱም የይለፍ ቃል የዓመቱ ቃሉ ስለነበር፣ ለሙከራ የእርሷን ጻፈው፤ ተከፈተለት። የእህቱን ልጅ ውጤት ብቻ ቢለውጥ እንደሚታወቅበት ፈርቶ የሌሎቹንም ነካካ። ማስታወቂያው ሲነበብ እሑድ ዕለት እዚያው ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ አለ። ሽማግሌዎቹ መሐል አድርገው ዲኑ ዘንድ ወሰዱት። የሚገባውን ቅጣት ተቀበለ። ወጪውንም ኀፍረቱንም ቻለ። በኋላ ወደ ጉባኤ ሲመለስ በሩ አልተዘጋበትም።

ድርጅታችን ደንበኞች አጣ። ጥቂቶቹ ትተውን ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ “ስሕተቱን የሚናገር ይሻለናል” ብለው መጡ። ለጥቂት ዓመታት ሠራን። አቶ ማቴዎስ ቤታቸውን አላጡም፤ እኔም ልጆቼን አስተማርኩ። ይህን ሁሉ ያደረገ ጌታ ነው። ልጆቼ አሁን ሥራዬን ሲጠይቁኝ ወረቀት አባዝቼ እያዞርኩ አነብ ነበር እላቸዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

አስቴር ወደ ሥራዋ የተመለሰችበትን ጠዋት ግን ልተርክ። ብቻዬን መግባት ፈራሁ ስላለችኝ አብሬአት ሄድኩ። አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳለች፤ ጸጉሯን ጎረቤቷ ሹሩባ ሠርታላታለች። አቶ ማቴዎስ ቀድመውን ደርሰዋል። ዲኑ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ሲያዩን ኮፍያቸውን አወለቁ። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኞች፣ ውጤቱን ያየችው መምህርም ሳትቀር፣ በየጠረጴዛቸው ተነሥተው ቆሙ። አስቴር ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አቶ ማቴዎስ አጎንብሰው ማሽኑን አዘጋጁላት። “እዚህ ጋ አዲሱን ትጽፊያለሽ” አሏት። “ምን እንደሚሻል አልነግርሽም። የፈለግሽውን።”

አስቴር ጣቶቿን አነሣች፤ ግን መጻፍ አልጀመረችም። ዙሪያዋን አየች። ሁላችንም እርሷን እያየን ነበር፤ ልማዳችን ነዋ።

ያን ጊዜ ዲኑ፣ ማሽን አይዋሽም ያሏት ዲን፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ። አቶ ማቴዎስም ዞሩ። መምህሯ ዞረች። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ዞሩ። እኔም ነጠላዬን ሰብስቤ ዞርኩ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የሚሰማው የፊደሎቹ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ። ማንም አልሳለም፣ ማንም አልቸኮለም።

“ጨረስኩ” አለች በመጨረሻ። “መዞር ትችላላችሁ።”

ዞርን። ቀና ብላ እያየችን ነበር። ምን እንደጻፈች የጠየቃት የለም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።